ምራቂ የሆነው ጄኔራል

አገር መመሥረት ከባድ ነው እያሉ የሚያስፈራሩ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው። እኔ አንድ አገር የመሠረትኩት ስምንተኛ ሲ ክፍል ውስጥ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ጠመኔ እንኳ ሳልጨርስ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ካርታ አሳሳል ላስተምር ተነስቼ የሚታወቅ አገር ሰሌዳ ላይ ስስል፣ «ቲቸር፣ ወሰኑ በዚያ በኩል አይደለም» የሚል እጅ ይነሳል። እሱን አርሜ ሳልጨርስ ሌላው «ቅድም ልክ ነበር» ይላል። በዚህ ዘመን መስመር ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለበት መምህር ርእሰ መምህሩ ቢሮ ደርሶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ማንም የማይጣላበት አገር ፈጠርኩ። ስሙንም በመስኮት አሻግሬ ካየሁት ዛፍ ወስጄ ዋንዛ አልኩት። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ተራራ፣ አንድ ዋና ከተማ ሰጠሁት። ጠብ እንዳይመጣ ብዬ ጎረቤት እንኳ አልሰጠሁትም ነበር።

ደወል ተደውሎ ሰሌዳው ሲጠረግ ግን ዋንዛ ከጭንቅላቴ አልጠረግ አለች። ቤቴ ገብቼ ወንዟን አረዘምኩት። በማግስቱ ባቡር አስገባሁላት፤ ነቀምቴ ያላየችውን ባቡር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳለሁ፣ በሌላው ዓለም ልጅ አሳድገው የጨረሱ፣ ባለ ሽበትና ባለ መነጽር ትልልቅ ሰዎች፣ አውራ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ወታደር ቀለም ቀብተው፣ በሻምበልና በሻለቃ አደራጅተው፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያዋጉ በስልኬ አየሁ። ለካ ሰው ብቻውን አያብድም አልኩ። በነጋታው ሸረፋ ሱቅ ነበርኩ።

ሸረፋ የልብ ወዳጄ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ነቀምቴ ላይ የብረታ ብረት ሱቅ የከፈተ፣ ኦሮምኛውን ከእኔ አሥር እጥፍ አሳምሮ የሚናገር፣ ሚስማር ሲመዝን እንኳ የሚያጫውት ሰው ነው። እኔ ያደግሁት ጊዳ አያና ነው፤ አባቴ ደግሞ ከወሎ የመጣ። ወደዚህ ከተማ ተዛውሬ ስመጣ አከራዩ «ማን ያውቅሃል?» ቢለኝ፣ ቁልፍ ልገዛ ገብቼ የተዋወቅሁት ሸረፋ «እኔ አውቀዋለሁ» አለልኝ። ካወቀኝ ገና ሩብ ሰዓቱ ነበር። ኋላም አባቴ ሲሞት መንገድ ተዘግቶ ለቀብሩ መድረስ አልቻልኩም። ሸረፋ ሱቁን ዘግቶ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጠ። አይዞህ እንኳ አላለኝም፤ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ስትሰሙ በደንብ እንድታፍሩብኝ ነው።

ወታደሮቹ በከረጢት ታጭቀው ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ከባልዲና ከገመድ መሀል ተንጠልጥለዋል። ሁለት ከረጢት ስጠኝ አልኩት። ለማን ልጅ ነው አለኝ። ዋንዛ ለምትባል ነው አልኩት። አላህ ያሳድጋት ብሎ መርቆ ሰጠኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ወታደር መቀባት አጥር መቀባት አይደለም። ሸረፋ ያለው ትንሹ ብሩሽ በር የሚቀባ ነው፤ በእሱ የመጀመሪያውን ወታደር ስቀባ ወታደሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ክርኔም አብረው ተቀቡ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ የባለቤቴ የለሊሴ የጥፍር ቀለም ላይ አረፈ። ብሩሹ ቀጭን፣ ቀለሙ ቀይ፣ ለመኮንን ቆብ የተፈጠረ ነው። ለሊሴ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ አስቀምጣው ኖሯል። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ከፍታ ስታየው ለአራት ጣት የሚበቃ ብቻ ቀርቶታል፤ የቀሩትን ስድስት ጣቶች በነጠላዋ ሸፍና ዋለች። ለጢምና ለቅንድብ ደግሞ ከድመታችን ጅራት ጥቂት ፀጉር ቆርጬ ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ አሰርኩ። ድመቷ እስከ ዛሬ እኔ ወንበር ስስብ ከቤት ትወጣለች።

ሸሚዛቸውን የዋንዛ ቅጠል፣ ሱሪያቸውን የተቆላ ቡና አስመሰልኩት። ያቃተኝ ዓይን ነው። የመጀመሪያው ወታደር ዓይኖቹ ወደ አፍንጫው ተሰበሰቡ። ሁለተኛውን ለማስተካከል ብሞክር ወደ ጆሮዎቹ ሸሹ። ስልሳ አራቱንም ቀብቼ ስጨርስ ቀጥ ብሎ የሚያይ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም ጄኔራሉ ነበር። የሩቅ ማያ መነጽር ዓይኑ ላይ ስለደገነ ዓይን መሳል አላስፈለገኝም። ጄኔራሉ ላይ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ጢሙ ብቻ ለሊሴ ድንገት ስትጠራኝ በቀኝ በኩል ትንሽ ወደ ላይ ሄደብኝ። እንደዚያም ሆኖ፣ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ቆንጆው እሱ ነበር።

ቀጥሎ ማደራጀት መጣ። እዚህ ላይ የአስተማሪ ደም አለብኝና ትንሽ አበዛሁት። ፈንጂ የሚያስሰውን ወታደር መጥረጊያ የያዘ ስለሚመስል የጽዳት ኃላፊ አደረግሁት። ሬዲዮ የተሸከመውን ጸሐፊ፣ የተንበረከከውን ቄስም ፓስተርም አድርጌ ሾምኩት። ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቼ፣ ከግማሹ በላይ ኦሮምኛ፣ የቀረው አማርኛ፣ በደብተር መዘገብኩ። የጦሩንም ደንብ ጻፍኩ። ስለ ውጊያ የሚናገረው አንድ ገጽ ሲሆን ስለ ፈቃድ የሚናገረው ሰባት ገጽ ነው። ለሐዘን፣ ለሠርግ፣ ለበቆሎ ስብሰባ፣ ለእናት ናፍቆት ሳይቀር ፈቃድ አለ፤ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ያለው ደግሞ ጄኔራሉ ብቻ ነው። ጦሩን የማኖርበት ካርቶን ክዳን ላይ «የዋንዛ ሪፐብሊክ ጦር፣ አይነካም» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

ሸረፋ መጥቶ ሲያያቸው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዓይናቸውን አይቶ፣ ይሄ ጦር ሁለት ግንባር ባንድ ጊዜ ያያል አለ። ደንቡን አንብቦ፣ ይሄስ ጦር አይደለም የክረምት ዕረፍት ነው አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና ከማን ጋር እንደሚዋጉ ጠየቀኝ። ዋንዛ ጎረቤት የላትም አልኩት። ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን አየሁበት፤ ጎረቤት የሌለው ሰው ለሸረፋ ሬሳ ማለት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ በካርቶን ጦር ይዞ መጣ። እኔ ሁለት ወር የፈጀሁበትን ሥራ እሱ በአንድ ከሰዓት ጨርሶታል። አንድ ከረጢት ወታደር እንዳለ የብረት ዝገት መከላከያ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነክሮ በወንፊት ያወጣው ነው። ሁሉም ከራስ ቆብ እስከ ጫማ ቀይ ቡኒ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣብቀዋል። እነዚህስ ብዬ ብጠይቀው፣ እነሱ ወንድማማች ናቸው፣ አንድ ላይ ነው የሚዘምቱት አለኝ። የአገሩንም ስም ሸረፊያ ብሎታል። ለስም ብዙ አልደከመም።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ፣ ለሊሴ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ድረስ፣ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ጦርነት ሆነ። የተገለበጠ ሳህን ተራራ፣ ሰማያዊ ሪባን ወንዝ ነው። የሉዶ ዳይስ እንወረውራለን፤ ስድስት የወጣለት ይማርካል፣ አንድ የወጣለት ይሸሻል። የተማረከ ሰው የልውውጥ ቀን እስኪደርስ በማራኪው ዘንድ ይቆያል። ይህ በዋንዛም በሸረፊያም ሕግ የጸና ነው። ሸረፋ ሲያሸንፍ የሱቁን ወሬ ያወራልኛል፣ ሲሸነፍ ዳይሷ ተበላሽታለች ይላል። ሳምንቱ ረዝሞብኝ እሑድን የምጠብቅ ሰው ሆንኩ።

አንድ እሑድ ሸረፋ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ስድስት ወረወረና ጄኔራሌን ማረከው። እኔ ዘጠኝ ሰው ማርኬ ስለነበር አልከፋኝም። ጄኔራሉን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ፣ ከእስክሪብቶው ጎን፣ አንገቱ ብቅ ብሎ እንዲታይ አድርጎ ይዞት ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ዘጠኙን ምርኮኞች አሰልፌ ጠበቅሁት። ሸረፋ መጣ። ቁጭ አለ። ውሃ ጠየቀ። ጠጥቶ ጨርሶ ባዶውን ብርጭቆ ማየት ጀመረ። የሸረፋን ዝምታ ከአባቴ ሐዘን ወዲህ አይቼው አላውቅምና ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄኔራሉን እስር ቤት ብሎ መደርደሪያ ላይ፣ ከማጠፊያዎቹ አጠገብ ያቆመዋል። ማክሰኞ ዕለት ከጉቶ ጊዳ ገጠር ቤት የምትሠራ አንዲት እናት መጥታ ሦስት ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር ትገዛለች። ገዝታ ስታበቃ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ምራቂስ ትላለች። እናንተም እንደምታውቁት ሳይመርቅ የሚሸኝ ነጋዴ ደንበኛ አይመለስለትም። ሸረፋ ወሬ ላይ ነበር። አንድ ሁለት ሚስማር ሊጨምርላት እጁን ወደ ኋላ ሲሰድ፣ እጁ የመጣለትን ይዞ ሰጣት።

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለኝ።

እስቲ ፍረዱ። ቢሸጠው እኮ አንድ ነገር ነው፤ ቢያንስ ዋጋ ነበረው ይባላል። የዋንዛ ሪፐብሊክ ጦር ኃይሎች ዋና አዛዥ በሦስት ኪሎ ሚስማር ላይ ምራቂ ሆኖ ሄደ። ሰውየውን ብትቆጡ አይፈረድባችሁም። እኔ ግን አልተቆጣሁም፤ የባሰ ነገር ነው ያደረግሁት። ምንም አይደለም ብዬ ሸኘሁትና ዘጠኙን ምርኮኞች አውጥቼ በዋንዛ ቀለም ቀባኋቸው። ቅጠልያ ሸሚዝ፣ ቡና ሱሪ። ደብተሬ ላይ አዲስ ስም ሰጥቼ አስማልኳቸው። ሸረፋ በሳምንቱ ሲመጣ የራሱ ሰዎች የራሱን ድንበር ሲጠብቁ አገኛቸው።

አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከሥር ቀይ ቡኒው ብቅ አለ። ምርኮኛ ልብሱ ይገፈፋል ሲባል እንጂ አገሩ ይገፈፋል ሲባል አልሰማሁም አለኝ። እኔ ደግሞ፣ ይሄን የምጽፈው አፍሬ ነው፣ «ነጋዴ መቼም ነጋዴ ነው፤ ወዳጁንም ምራቂ ያደርጋል» አልኩት። ቃሏ ስትወጣ ሰማኋት፤ ልመልሳት ብል ከጥርሴ አልፋ ሄዳለች። ሸረፋ ካርቶኑን እንኳ ሳይዝ ተነሳና ወጣ።

ሦስት ወር ተኮራረፍን። በእግር አምስት ደቂቃ የሚያስኬደኝን ትምህርት ቤት ሱቁ ፊት ላለማለፍ ስል በባጃጅ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። የበራችን ማጠፊያ ወልቆ ሲንጠለጠል፣ ማጠፊያ የሚሸጥ ሌላ ሰው ፍለጋ ከተማውን አቋርጬ ሄጄ ልኩ ያልሆነውን ገዝቼ መጣሁ። በሩን በገመድ አሰርነው። ለሊሴ በገባች በወጣች ቁጥር ገመዱን ስትፈታ ወደ እኔ ትመለከታለች። እሷና የሸረፋ ሚስት ግን እንደ ወትሮው ናቸው፤ እንዲያውም የሚያወሩት ነገር ስላገኙ ፍቅራቸው ጠነከረ። እሑድ ሲመጣ ጦሬን ጠረጴዛ ላይ አሰልፍና በዚያኛው በኩል ባዶ ወንበር አያለሁ። ዋንዛ እንደገና ጎረቤት አጣች። ሸረፋ ናፈቀኝ፤ ግን አፌ የዘጋውን በር እግሬ ሊከፍተው አልቻለም።

ነገሩን አደባባይ ያወጣው የእድራችን አግዳሚ ወንበር ነው። ለቅሶ ቤት ወንበር እንድናመጣ ስንታዘዝ፣ ሳይታወቅ እኔና ሸረፋ አንዱን ረጅም አግዳሚ ግራና ቀኝ ይዘን ተገኘን። ላለመነጋገር ስንል ወደየት እንደምንሄድ አልተነጋገርንም። ድንኳኑ በር ላይ ስንደርስ እኔ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ ዞርን። አግዳሚው በሩን አግድሞ ዘጋው። ውስጥ ያለው ለቀስተኛ መውጣት፣ ውጪ ያለው መግባት አቃተው፤ እኛ ደግሞ አንዳችን ለሌላው ተወው ላለማለት ጫፍና ጫፉን ይዘን ቆመናል። በመጨረሻ የሟቹ ታላቅ ወንድም ለቅሶውን አቋርጦ መጥቶ ወንበሩን ከእጃችን ተቀበለን።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ መጣብን። አንደኛው የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅጅራ ናቸው፤ ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ይህ ከተማ ሲጣላ የሚጠራቸው ሰው። ሁለተኛው በሸረፋ ወገን ሐጂ ከድር ናቸው። ሸረፋን መሀላቸው አድርገው አመጡት። ለሊሴ ቀድማ ሰምታ ኖሮ እንደ ድንች ከመሬት የሚወጣውን አንጮቴ ቀቅላ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ አሽታ አቅርባለች። የወለጋ አንጮቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ መታገስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኦቦ ዋቅጅራ ግን ሰላምታውን ከጨረሱ በኋላ ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። ሳትታረቁ ውሃችሁንም አንቀምስም አሉ። ዓይናቸው ግን ሳህኑን አልለቀቀም።

ሽማግሌ ደግሞ ልማዱ ነው፤ ሥሩን ሳይዝ አይነቅልም። ከመጀመሪያው ጀምረህ ተናገር አሉኝ። እኔም ቆጣ ብዬ፣ ጄኔራሌን ማርኮ ወሰደብኝ ብዬ ጀመርኩ።

 ሐጂ ከድር መስኮቱን አዩ። ኦቦ ዋቅጅራ ቀስ ብለው ተነስተው መስኮቱን ዘጉት፤ ከዚያ በገመድ የታሰረውን በር ሄደው ነካ ነካ አደረጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ያ ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ሆይ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጄኔራል ያልከው፣ እንዴት ያለ ጄኔራል ነው? ይሄን ነገር ሌላ ሰው ሰምቶታል?»

በቃል ብቻ የማስረዳው ነገር አልነበረምና ካርቶኑን አወጣሁ። ስልሳ ሦስቱን የዋንዛ ጦር፣ ዘጠኙን ቀለም የተቀየረባቸውን፣ ሸረፋ ጥሎት የሄደውን ቀይ ሠራዊት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። አንጮቴው በሁለት ጦር ተከበበ። ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። እንዲያውም ኦቦ ዋቅጅራ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ወንዙ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ከብቶቹ የት ውሃ እንደሚጠጡ ጠየቁ። እኔ ለዋንዛ ባቡር ሰጥቼ ከብት አለመስጠቴን ያን ጊዜ አስተዋልኩ። ሐጂ ከድር ደግሞ የተጣበቁትን ሁለት ወታደሮች አንስተው ብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩአቸው።

«ሲዋጉ ይሞታሉ?» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ።

ይሞታሉ፤ ግን ለሚቀጥለው እሑድ ይነሳሉ አልኳቸው።

«እና በየሳምንቱ ነው የሚሞቱት» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ማነው የሚያለቅስላቸው?»

ሰባት ገጽ የፈቃድ ደንብ የጻፍኩት ሰውዬ ስለ ሟቾቹ አንድ መስመር አልጻፍኩም ነበር። ሸረፋም መሬት መሬት ያያል። ኦቦ ዋቅጅራ ቀጠሉ። እናንተን ብቻ ብናስታርቅ ዛሬ ትከሻ ትሳሳማላችሁ፣ እሑድ ጦርነቱ ይቀጥላል፣ እኛም ተመልሰን እንመጣለን፤ ስለዚህ መጀመሪያ አገሮቹ ይታረቁ አሉ። በዓለም ላይ ስንት ጦርነት በስንት ሆቴል ስብሰባ አልቆም ሲል፣ የዋንዛና የሸረፊያ ጦርነት በአንድ ሳህን አንጮቴ ዙሪያ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አለቀ። ወንዙ የጋራ ሆነ። ዘጠኙ ሰዎች በፈለጉበት አገር እንዲኖሩ ተፈቀደ። እኔ ስለተናገርኳት ቃል ተነስቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሸረፋ፣ እኔም እጄን ሳላይ መስጠቴ ጥፋት ነው አለ። የቀረው የጄኔራሉ ጉዳይ ነበር። ሐጂ ከድር፣ የደም ካሳ፣ ጉማ ይከፈል ይሆን ብለው ጠየቁ።

«ጉማ ለሞተ ነው» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። «ይሄ ጠፋ እንጂ አልሞተም። የጠፋ ይፈለጋል። ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። አንጮቴውን እናንተ ስትመለሱ እንበላለን።»

ሸረፋ ሴትየዋን ያውቃታል፤ አዴ ደሚቱ ትባላለች። አንድ ባጃጅ ተሳፍረን፣ ጉልበታችን ጉልበት እየነካ፣ ሁለታችንም ወደ ውጪ እያየን ሄድን። አስፋልቱ ሲያልቅ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እኔን ሸረፋ ላይ ጣለኝ። በዚህ ሦስት ወር ኪሎህ ጨምሯል አለኝ። ዞሬ በባጃጅ ስለምሄድ ነው አልኩት። የሳቅነውን ሳቅ ሾፌሩ ፈርቶ ባጃጁን ሊያቆም ምንም አልቀረውም። መንገዱ ለባጃጅ ሲጠብ ቀሪውን በበቆሎ ማሳዎች መሀል በእግራችን ሄድን፤ ሸረፋ የሦስት ወር ወሬውን በሙሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ ነገረኝ።

አዴ ደሚቱን አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤቷ ደጃፍ ላይ አገኘናት። ሸረፋን ስታይ፣ ሚስማሩ በልጦ ሄዶብሃል እንዴ ብላ ደነገጠች። አይ፣ ሰላም ልንልሽ ነው አላት። ኮታ ሴና፣ ግቡ፣ አለችን። ገባን።

ጄኔራሌን ወዲያው አየሁት። ግድግዳው ሥር ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ሬዲዮው አናት ላይ ቆሟል። እንዳይወድቅ ወገቡ በቀይ ክር ከሬዲዮው አንቴና ጋር ታስሯል። አጠገቡ የአንድ ወጣት ፎቶ ግራፍ አለ፤ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ፎቶ ሲነሱ እንደሚደረገው ደረቱን ነፍቶ። ልጇ ነው። የት እንዳለ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከሄደ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ግን ፎቶው ላይ የታሰረው አበባ ይናገራል፤ የፕላስቲክ አበባ ሆኖ እንኳ ደብዝዟል።

እርጎና የተጠበሰ እሸት በቆሎ ሰጠችን። ሸረፋ ጎኔን በክርኑ ይጎስመኛል፤ ጠይቃት ማለቱ ነው። እኔም መልሼ እጎስመዋለሁ፤ አንተ ነህ የሰጠሃት ማለቴ ነው። በመሀሉ እሷ ራሷ ዓይናችን ወዴት እንደሚሄድ አይታ ኖሮ ጀመረችው። ሸረፋ የሰጠኝ ምራቂ ነው አለች። ጢሙ ጠማማ ነው፣ ሠሪው ችኩል ሰው መሆን አለበት፣ ግን አለቃ እንደሆነ ከአቋቋሙ ያስታውቃል አለች። ልጄ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ አጠገቡ አቆምኩት አለች። ሸረፋ ኦሮምኛው እንዳያመልጠኝ ብሎ ሊተረጉምልኝ ጀመረና ተወው፤ ሁሉም ገብቶኝ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አስተማሪ እንደሆንኩ ከሸረፋ ሰምታለችና የማታውቀውን ነገር የሚነግራት ሰው አግኝታለች።

«ባርሲሳ፣ ማዕረጉ ምንድነው?»

«ጄኔራል ነው።»

«ከሻለቃ ይበልጣል?»

«ይበልጣል።»

በቆሎዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«እሱ ራሱ ፈቃድ መስጠት ይችላል?»

ለጨዋታ ብዬ የጻፍኩት ደብተር ገጽ በገጽ ትዝ አለኝ። ለሐዘን፣ ለሠርግ፣ ለበቆሎ ስብሰባ፣ ለእናት ናፍቆት።

«ይችላል» አልኳት። «ደንቡ ውስጥ አለ።»

ሸረፋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በእኛም በኩል ተቃውሞ የለም» አለ።

እኛ ያለው እነማንን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ገለቶማ፣ ተባረኩ፣ አለችንና እርጎ ጨመረችልን። እኔም እርጎዬን ጨርሼ ብድግ ብዬ የጄኔራሉን ክር ጠበቅ አድርጌ አሰርኩትና ወጣን። ስንወጣ የምንሰጣት ነገር ስላልነበረን ሸረፋ በሚቀጥለው ስትመጪ ሚስማር እጨምርልሻለሁ አላት።

ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ አንጮቴው ግን የለም። ሳህኑ እንደታጠበ ሆኗል። ስትመለሱ እንበላለን አላላችሁም እንዴ ብል፣ ኦቦ ዋቅጅራ አፋቸውን እየጠረጉ፣ ባጃጁን እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ስትባባሉ ከደጅ ሰማን፣ ከዚያ በላይ ምን እርቅ አለ አሉኝ። በደጅ የተባባልነው ግን ገና አሁን ነው፤ ሳህኑ የደረቀው ቀደም ብሎ ነው። ለሊሴን አየኋት፤ ጣራ ጣራ ታያለች።

«ጄኔራሉስ?» አሉ ሐጂ ከድር።

«ሥራ ላይ ነው» አለ ሸረፋ። ሽማግሌዎቹ ፊታችንን አይተው ሌላ አልጠየቁም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እኔና ሸረፋ ጠረጴዛውን አጸዳን። ሸረፋ ማጠፊያውን በማግስቱ ይዞ መጥቶ በሩን ሊሠራልኝ ቃል ገባ። ዘጠኙ ሰዎች የማን እንደሆኑ አሁን በውል መለየት ስላልተቻለ፣ ሁለቱንም ጦር አንድ ካርቶን ውስጥ ከተትናቸው፤ ቅጠልያውም፣ ቀይ ቡኒውም፣ የተጣበቁትም። ክዳኑ ላይ «አይነካም» ያልኩትን ሰርዤ «ፈቃድ ላይ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሸረፋ ከትከሻዬ በላይ እያነበበ፣ የሚመለሱበት ቀን ይጻፍ እንጂ፣ ደንቡ ያዛል አለኝ።

ቦታውን ባዶ ተውኩት።